ልዑል ዓለማየሁ፦ ሰው በሰው ይቀረጻል

የሰው ጠባይ ከየት ይመጣል? ከአባትና ከእናት በደም የምንወርሰው ነው ወይስ በዙሪያችን ካሉት ሰዎች እያየን የምንማረው? ይህ ጥያቄ ወጣቶች በተሰበሰብንበት ሁሉ ሳይነሣ አይቀርም። ከፊሎቻችን ሰው እንደ ተወለደ ነው ስንል፣ ከፊሎቻችን ደግሞ ሰው እንደ አዋዋሉ ነው እንላለን። አባቶቻችንም ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመለስ በተረታቸው ነግረውናል።

ውድ አንባቢያን፤ በዚህ ጽሑፍ ክርክሩን በቃል ብቻ ከምንገፋው ይልቅ የአንድ ሰው ሕይወት አንሥተን ብንመለከት ይሻላል በማለት የልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስን ታሪክ መርጠናል። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ በጉዱማሌ አካባቢ የምንኖር ወጣቶች ከመቅደላ ተወስዶ ባሕር ማዶ ስላደገ ልጅ ለምን እንደምንጽፍ ወደ መጨረሻው ግልጽ ይሆናል። ዘመኖቹን፣ ለይተን ካልገለጽን በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሰጥተናል።

ከመቅደላ ወደ ባሕር

ዓለማየሁ በሚያዝያ ወር 1861 ተወለደ። አባቱ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ነበሩ። እቴጌ ጥሩወርቅ የሰሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ ደጃዝማች ውቤን በጦርነት ድል ነሥተው ካሰሩ በኋላ ልጃቸውን ስላገቡ፣ ሕፃኑ የተወለደው ቂም በነበራቸው በሁለት ቤቶች መካከል ነው ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ሕፃን ልጅ የሚያውቀው የመንግሥትን ጉዳይ ሳይሆን የሰውን ፊትና የሰውን ድምፅ ነው። ዓለማየሁም ስሙን የሚያውቁ፣ በቋንቋው የሚያጫውቱት፣ ሲያለቅስ የሚያባብሉት ሰዎች ነበሩት።

ዐፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዝን መልእክተኛና ሌሎች አውሮፓውያንን በማሰራቸው ምክንያት በጄኔራል ናፒየር የሚመራ የእንግሊዝ ጦር ወደ ኢትዮጵያ ዘመተ። ከፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘች፤ ንጉሡም እጄን ለጠላት አልሰጥም ብለው በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ። ያን ቀን ዓለማየሁ ሰባት ዓመት ሊሞላው የቀረው ጥቂት ቀን ብቻ ነበር።

እናትና ልጅ ከሚመለሰው ጦር ጋር ወደ ሰሜን ጉዞ ጀመሩ። እቴጌ ጥሩወርቅ ግን ታመው ስለ ነበር በግንቦት ወር ትግራይ ላይ በመንገድ እንዳሉ ዐረፉ። ልጁ ጉዞውን ያለ እናት ቀጠለ፤ ከዙላ የባሕር ዳርቻ በመርከብ ተሳፍሮም በሐምሌ 1868 እንግሊዝ አገር ደረሰ። እንግዲህ አንባቢ ያስተውል፤ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ በሦስት ወር ያህል ጊዜ ውስጥ አባቱን፣ እናቱንና አገሩን አጣ።

በእንግሊዝ አገር

ልጁን እንዲጠብቅ የተመደበው ሻምበል ስፒዲ የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን ነበር። ይህ ሰው ቀደም ሲል ኢትዮጵያ ውስጥ የኖረ፣ አማርኛ የሚያውቅ፣ በአገራችን ሰዎች ዘንድም ባሻ ፈለቀ ተብሎ የሚጠራ ግዙፍ ሰው ነው። ዓለማየሁ ያለ እርሱ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር ይባላል። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም፤ ስፒዲ ባዳ ቢሆንም ልጁ ከመጣበት አገር የሚያውቀው፣ ቋንቋውንም የሚሰማለት ሰው ነበር።

ንግሥት ቪክቶሪያ በዋይት ደሴት ባለው ቤተ መንግሥታቸው ልጁን ተቀብለው አነጋገሩት፤ አዘኑለትም። ከዚያ በኋላ ዓለማየሁ ከስፒዲና ከባለቤቱ ጋር ኖረ። ስፒዲ በ1869 ለሥራ ወደ ህንድ ሲዛወር ልጁም አብሮ ሄደ፤ ቀጥሎም ወደ ፔናንግ ደሴት አብሮት ተሻገረ። ዓለማየሁ ቤትና አገር እየለዋወጠ ቢኖርም አንድ የማይለወጥ ሰው ግን አብሮት ነበር።

ይህም ቢሆን አልዘለቀም። ወጪውን የሚሸፍነው የእንግሊዝ መንግሥት ልጁ ተመልሶ በመደበኛ ትምህርት ቤት እንዲማር ወሰነ። በዚህ መሠረት ዓለማየሁ ከስፒዲ ተለይቶ በ1872 ቼልተንሃም ለሚገኘው ትምህርት ቤት ኃላፊ፣ ለዶክተር ጄክስ ብሌክ፣ በአደራ ተሰጠ። ኃላፊው በ1874 ወደ ራግቢ ትምህርት ቤት ሲዛወሩም ልጁ ተከትሏቸው ሄደ። በ1878 ደግሞ ወደ ሳንድኸርስት የጦር መኮንኖች ትምህርት ቤት እንዲገባ ተደረገ።

በእነዚህ ዓመታት ዓለማየሁ በአለባበሱ፣ በአነጋገሩ፣ በገበታ ሥርዓቱና በጨዋታው የእንግሊዝ ልጅ ሆነ። እንግሊዝኛን አቀላጥፎ ተናገረ። የእናቱን ቋንቋ ግን ረሳው። ማንም አማርኛ እንዳይናገር ከልክሎት ሳይሆን አብሮት የሚናገር ሰው ስለ ሌለ ነው። ቋንቋ እንደ እሳት ነው፤ እየቆሰቆሱ እንጨት የሚጨምሩበት ሰዎች ከሌሉ ዳፍንት ሆኖ ይቀራል።

በትምህርቱም ብዙ አልገፋም። መምህራኑ ደካማ ተማሪ አድርገው ቈጠሩት። ዛሬ ይህን ታሪክ ስናነብ ግን አንድ ጥያቄ እናነሣለን። በአሥር ዓመት ውስጥ አሳዳጊው፣ ቤቱ፣ አገሩና ቋንቋው የተለዋወጡበት ልጅ አእምሮው በመጽሐፍ ላይ ባይረጋ ጥፋቱ የማን ነው? ከእነርሱ መካከል ስንፍናውን የጻፉ ነበሩ፤ ብቸኝነቱን ያመዛዘኑለት ግን ጥቂቶች ናቸው።

በሳንድኸርስት ደስተኛ አልነበረም። በ1879 ትምህርቱን ትቶ ወደ ሊድስ ከተማ ሄደ። የሄደውም ቀድሞ አስተማሪው ወደ ነበሩት ወደ ሲሪል ራንሰም ቤት ነው። እዚያም በብርድ ምክንያት የሳንባ ሕመም ያዘው፤ ተመርዣለሁ ብሎ በመጠርጠርም ሕክምናውን እምቢ አለ ይባላል። በኅዳር ወር 1879 በ18 ዓመቱ ዐረፈ። ንግሥቲቱ በዕለት ማስታወሻቸው ላይ ልጁ በባዕድ አገር አንድም ዘመድ ሳይኖረው ብቻውን መቅረቱን፣ ሕይወቱም ደስታ የሌለበት እንደ ነበረ፣ ሰዎችም በመልኩ ምክንያት የሚያፈጡበት እየመሰለው ይሳቀቅ እንደ ነበር በሐዘን አስፍረዋል።

አስከሬኑ በዊንዘር ቤተ መንግሥት በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተቀበረ። በዚያም እንግዳን ስለ መቀበል የሚናገር የወንጌል ቃል የተቀረጸበት መታሰቢያ ቆመለት። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2007 ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ጠይቆ ነበር፤ በ2023 ግን የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በዚያ የተቀበሩትን የሌሎች ሰዎች ዐፅም ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም የሚል ምላሽ ሰጠ። በዚያው ዓመት ከስፒዲ ቤተሰብ ዘንድ ተጠብቆ የቆየ የልዑሉ የፀጉር ዘለላ ለኢትዮጵያ ተወካዮች ተመለሰ።

ምን ጎደለው?

ለዓለማየሁ ምግብ አልጎደለውም፤ ልብስ አልጎደለውም፤ ትምህርት ቤትም የጎደለው አልነበረም። እንዲያውም የተማረባቸው ትምህርት ቤቶች በዚያ ዘመን የታላላቅ ሰዎች ልጆች የሚማሩባቸው ናቸው። እንግዲያውስ ምን ጎደለው?

የሥነ ልቡና ሊቃውንት ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ነገር አጥንተዋል። ከእነዚህ አንዱ አልበርት ባንዱራ የተባሉት ሊቅ ናቸው። ባንዱራና ባልደረቦቻቸው በ1961 በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት 72 ሕፃናትን በጥናት ተመልክተዋል። ከልጆቹ ከፊሉ አንድ ትልቅ ሰው በአየር የተሞላ አሻንጉሊት ሲደበድብ አዩ፤ ከፊሉ በጸጥታ የሚጫወት ሰው አዩ፤ የቀሩት ምንም አላዩም። በኋላ ልጆቹ በተራቸው አሻንጉሊቱ ሲሰጣቸው፣ ድብደባውን ያዩት ያንኑ አመታትና ያንኑ አነጋገር እየቀዱ መደብደብ ጀመሩ። ደብድቡ ብሎ ያዘዛቸው ሰው አልነበረም። ልጅ ከሚነገረው ይልቅ የሚያየውን እንደሚይዝ ከዚህ እንረዳለን።

ሊቃውንቱ ከዚህ ሌላ ያስተዋሉት ነገር አለ። ሰው ያየውን ሁሉ አይቀዳም። ይበልጥ የሚቀዳው የሚያከብረውን፣ የሚወደውንና እኔን ይመስላል የሚለውን ሰው ነው። እንግዲህ የዓለማየሁ ጉድለት እዚህ ላይ ይገኛል። ጠባይ የሚቀዳባቸው ሰዎች በዙሪያው ሞልተው ነበር፤ እኔም ሳድግ እንደዚህ እሆናለሁ ብሎ ራሱን የሚያይበት ሰው ግን አንድም አልነበረውም። የክፍል ጓደኞቹ በበዓል ወደ እናት አባታቸው ሲመለሱ እርሱ ወደ ሌላ ሰው ቤት ይሄዳል። በቋንቋ፣ በልብስና በሥርዓት እነርሱን መስሏል፤ በመንገድ ሲያልፍ ግን ሰዎች ዞረው ያዩታል። አካባቢው ጠባዩን ለውጦታል፤ የእኛ ነህ ብሎ ግን ሙሉ በሙሉ አልተቀበለውም። አገሩም እንዳይመለስ መንገዱ ተዘግቶበታል።

ትምህርቱን ሲያቋርጥ ወደ የት እንደ ሄደ ልብ እንበል። የሄደው ወደሚያውቀው ሰው ቤት ነው። እስከ መጨረሻው ሲፈልግ የነበረው ቦታ ሳይሆን ሰው ነበር። ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው የሚለው አባባል በዚህ ልጅ ሕይወት ተገልጦ ይታያል።

ሌላው ልጅ

ይህን ስንል ከአገሩ የተነቀለ ልጅ ሁሉ ጠፍቶ ይቀራል ማለታችን አይደለም። በዚያው ዘመን ከዓለማየሁ የባሰ መከራ የደረሰበት ሌላ ኢትዮጵያዊ ልጅ ነበር። ኢሉባቦር ውስጥ በ1856 ገደማ ተወልዶ፣ አባቱን በሕፃንነቱ አጥቶ፣ በባሪያ ፈንጋዮች ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ የተሸጠው ሒካ ነው። ይህ ልጅ በ1870 በምፅዋ ነፃ ወጣ። ዓለማየሁ በመርከብ ከሄደበት የባሕር ዳርቻ እምብዛም በማይርቅ ስፍራ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የኋላ ስሙ ኦነሲሞስ ነሲብ ይባላል።

ኦነሲሞስ ምፅዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባ። ኋላም ወደ ስዊድን አገር ተልከው አምስት ዓመት ተምረው በ1881 ተመለሱ። ስለዚህ እርሳቸውም ባሕር ማዶ ኖረዋል፤ የባዕድ ቋንቋም ተምረዋል። ልዩነቱ በእምኩሉ እንደ እርሳቸው ከባርነት ነፃ የወጡ ኦሮሞ ወጣቶች መገኘታቸው ነው። ከእነርሱም አንዷ በ1886 ከባሪያ ነጋዴዎች መርከብ ነፃ የወጡት አስቴር ጋኖ ናቸው። ኦነሲሞስ በሕፃንነታቸው ስለ ተሰረቁ የቋንቋው ጥልቀት ጎድሏቸው ነበር፤ አስቴር ግን አድገው የተወሰዱ በመሆናቸው ቃላቱን፣ ተረቱን፣ እንቈቅልሹንና ዘፈኑን ይዘው መጥተዋል። አንዱ የጎደለውን ሌላዋ ሞላች። አብረው በመሥራታቸው የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ ታተመ፤ በ1899 ደግሞ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ተተርጕሞ ለኅትመት በቃ። ኦነሲሞስ በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሰው ሲያስተምሩ ኖሩ፤ በ1931 በነቀምት ዐረፉ።

ሁለቱን ልጆች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ሁለቱም ወላጅ አጥተዋል፤ ሁለቱም በባዕድ እጅ ወድቀዋል። አንደኛው በታላላቅ ትምህርት ቤቶች መካከል ብቻውን ነበር፤ ሁለተኛው በበረሃ ዳር በድኻ ትምህርት ቤት ከመሰሎቹ ጋር ነበር። አንደኛው ቋንቋውን ረሳ፤ ሁለተኛው ለቋንቋው መጽሐፍ አበረከተ። የሁለቱ ተሰጥኦም እድሜም አንድ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ነገር ግን በመካከላቸው የነበረውን ይህን የአብሮ መኖር ልዩነት ችላ ልንለው አንችልም። የሙሴ ታሪክም ይህንኑ ያስታውሰናል። ሙሴ በፈርዖን ቤት ቢያድግም ጡት አጥብታ ያሳደገችው የገዛ እናቱ ነበረች፤ ስለዚህ ባደገ ጊዜ ወንድሞቹ እነማን እንደ ሆኑ አልጠፋውም።

ጉዱማሌና እኛ

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ጉዱማሌ ለብዙዎቻችን ነፋስ የምንቀበልበት የሐይቅ ዳር ስፍራ ነው። ስሙ ግን በሲዳማ ሕዝብ ዘንድ ከዚህ የበለጠ ትርጉም አለው። ጉዱማሌ ማለት ሕዝቡ በአንድነት የሚሰበሰብበት አደባባይ ነው። የዘመን መለወጫው የፍቼ ጨምበላላ በዓል የሚከበረው በእንዲህ ያለ ስፍራ ነው። ዕለቱን አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች የሰማይ ከዋክብትን አይተው ይወስናሉ። ይህ በዓል በ2015 በዩኔስኮ የሰው ልጆች የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ከጽሑፋችን ጉዳይ ጋር የሚገናኘው በበዓሉ የልጆች ድርሻ ነው። በጨምበላላ ቀን ልጆች የበዓሉን ሰላምታ እያሰሙ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ፤ በየደረሱበትም ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት የተሠራውን ቡርሳሜ ይቀምሳሉ። በአደባባዩ ላይ ጎሳዎች እየዘፈኑ ሲሰበሰቡ ልጆች ከአባቶቻቸው ኋላ እየተከተሉ ዜማውንና እርምጃውን ይይዛሉ። ሽማግሌዎችም ሥራን ስለ መውደድ፣ ታላቅን ስለ ማክበር፣ አገር በቀል ዛፎችን ስላለመቁረጥ፣ ከስንፍናና ከልመና ስለ መራቅ፣ በሐሰት ስላለመመስከርና ስላለመስረቅ ይመክራሉ። በዚህ ቀን ልጁ በዙሪያው ሲመለከት ከእርሱ ጥቂት የሚበልጡትን፣ ጎልማሶቹንና ሽማግሌዎቹን በተራ ያያል። ነገ ምን እንደሚሆን ሰልፉ ራሱ ያሳየዋል። ዓለማየሁ ያጣው ይህን ሰልፍ ነበር።

ወንድሞችና እህቶች፤ ዛሬ በከተማችን ውስጥ ስንት ዓለማየሁ አለ? ከገጠር ለሥራ ፍለጋ መጥቶ የሊስትሮ ሣጥኑን ይዞ በአስፋልት ዳር የሚውል ልጅ አለ። ከሌላ ክፍለ አገር ለትምህርት መጥቶ፣ የሰፈሩን ቋንቋ ባለማወቁ በክፍሉ ጥግ ዝም ብሎ የሚቀመጥ አለ። ከዘመድ ቤት ተጠግታ እያገለገለች የምትማር እኅት አለች። እነዚህ ሁሉ ጣሪያ ይኖራቸው ይሆናል። ሰው ግን አላቸውን? ሰው ካጡ መጀመሪያ ያገኙትን ሰው ይመስላሉ። መጀመሪያ የሚያገኙት በሺሻ ቤትና በቁማር ጠረጴዛ ዙሪያ ያለውን ጓደኛ ከሆነ ያንኑ ይማራሉ። ከዚያ በኋላ ብልሹ ትውልድ ብሎ መውቀስ ራስን ካለማየት የሚመጣ ነው፤ እኛም የእነርሱ አካባቢ ነበርንና።

በሌላ በኩል ማንም ወጣት ያደግሁበት ሰፈር እንዲህ አድርጎኛል ብሎ ኃላፊነቱን በሌላ ላይ ሊጥል አይገባውም። ሕፃን አዋዋሉን አይመርጥም፤ ዓለማየሁም አልመረጠም። ወጣት ግን ይመርጣል። ማታ ከማን ጋር እንደምንቆም፣ የማንን አነጋገር እንደምንቀዳ፣ ማንን እንደምናደንቅ የምንወስነው እኛው ነን። አዋዋላችንን በመረጥን ጊዜ ነገ የምንሆነውን ሰው መርጠናል ማለት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ በመካከላችን አዲስ ሰው ሲመጣ ስሙን ጠይቀን በስሙ እንጥራው፤ አብሮን እንዲቀመጥም እናድርግ። ሁለተኛ፣ ቋንቋውን የምናውቅ ከሆነ በቋንቋው እናናግረው፤ ካላወቅን ጥቂት ቃላት እንማርለት። ሦስተኛ፣ ታናናሾቻችን ሁልጊዜ እንደሚያዩን አንዘንጋ። በጉባኤ የምንናገረውን ሊረሱት ይችላሉ፤ ከጉባኤ ወጥተን በመንገድ ላይ የምናደርገውን ግን ይቀዱታል።

የዊንዘሩ መታሰቢያ እንግዳን ስለ መቀበል ይናገራል። እንግዳውን የተቀበሉት ሰዎች ቤት ሰጥተውታል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን እንግዳን መቀበል ቤት በመስጠት ብቻ አይፈጸምም። አብሮት የሚበላ፣ አብሮት የሚጫወት፣ ቋንቋውን የሚሰማና ነገም የማይለየው ሰው ያስፈልገዋል። ይህን ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከእኛ መካከልም ይህን ማድረግ የማይችል የለም።